ስልክ ለዘጋሁባቸው ሲስተር

ይህ ምስጋና የዘገየው በእኔና በሲስተር ክርክር ምክንያት ነው። እኔ ስማቸውን ልጽፍ፣ እርሳቸው «ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ስሜን እንዳያወጡብኝ» ሲሉ ወራት አለፉ። እርሳቸው አሸነፉ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የኢንዶስኮፒ ክፍል ነርስ ናቸው፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብተው የጨጓራን ውስጥ የሚያዩበት ክፍል ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ ክፍሉን እጠቁመዋለሁ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ጨጓራዋ የቆየ ጎረቤቷ ነው ማለት ይቻላል። ቃር ሲነሣባት ተልባ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ሲብስባት ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይገዛላታል፤ ሲሻላት ትረሳዋለች። ባለፈው ዓመት ግን ቀሚሷ ይሰፋባት ጀመር። ሁለት ሦስት ጉርሻ ጎርሳ «ጠገብኩ» ትላለች። ዕድሜ ነው አልን፤ የነነዌ ጾም ነው አልን። ደም ማነስ ሲገኝባት ነው ሪፈር ተጽፎላት ሆስፒታሉ የደረስነው።

በኢንዶስኮፒው ጨጓራዋ ላይ ቁስል ታየ፤ ናሙናም ተወሰደ። ናሙናውን ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ፎርማሊን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ቁራጮች ይዋኛሉ። ሲስተር ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው የእናቴን ስምና የካርድ ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ ጮክ ብዬ እንዳነበው አደረጉኝ። «እዚያም ሲደርሱ እንዲሁ አንብበው ያስረክቡ» አሉኝ። ያን ጊዜ ትንሽ ተበሳጭቼባቸው ነበር።

ውጤቱ ካንሰር አልታየም፣ ባክቴሪያ አለ የሚል ነበር፤ ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ። ለ14 ቀን ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ከኦሜፕራዞል ጋር ታዘዘላት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም ብላ አሻፈረኝ አለች። ሲስተር አልተከራከሯትም። «እማማ፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እኔ ሰዓቱን አዘጋጅልዎታለሁ» ብለው፣ ፊደል እንዳልቆጠረች ስላወቁ የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣሉላት። ንስሐ አባቷም ፈቀዱ። «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» እያለች አንድም ሳታጎድል ጨረሰች። ኦሜፕራዞሉን ብቻ አንድ ወር ቀጠለች።

ፋሲካ ደረሰ። እናቴ ዶሮዋን በላች፤ ፊቷም ተመለሰ። ኦሜፕራዞሉን ካቆመች ሁለት ሳምንት ቆይታ ሰፈራችን ባለ ክሊኒክ ሰገራ ሰጠች፤ ባክቴሪያው የለም ተባለ። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ መድኃኒቱ ባለቀ በሁለት ወሩ ኢንዶስኮፒ ይደገም የሚል ቀጠሮ ነበረ። የክሊኒኩ ባለሙያ ግን «ድነዋል፤ እንደገና ቱቦ መዋጥ ምን ያደርጋል?» አለን። ለእናቴ ከዚህ የተሻለ የምሥራች አልነበረም። ለእኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሱቄን ዘግቼ የማልውልበት ምክንያት ስላገኘሁ ተመችቶኛል። ቀጠሮው አለፈ።

ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። አንዲት ሴት የእናቴን ሙሉ ስም ጠርተው «የቀጠሮ ጉዳይ ነበር» ሲሉ፣ በዚያ ሰሞን ዕጣ ወጥቶልዎታል የሚሉ አጭበርባሪዎች አሰልችተውኝ ስለነበር ዘጋሁባቸው። በማግስቱ ደወሉ፤ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አሁንም ዘጋሁ። ሦስተኛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሲስተር መሆናቸውን ከተናገሩ በኋላ ባክቴሪያው ጠፍቷል እኮ ብዬ ልሸኛቸው ስል፣ እንዲህ አሉኝ፦ «እሰየው! እኔ የደወልኩት ግን ለቁስሉ ነው። ባክቴሪያው መጥፋቱን አይታችኋል፤ ቁስሉ መዳኑን ያየ ሰው የለም።»

ቀጥለው ያስረዱኝ ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኦሜፕራዞል አሲዱን ስለሚቀንስ ካንሰር ያለበትን ቁስል እንኳ ለጊዜው ሊያስታግሰው፣ ሲያዩትም የሚድን ሊያስመስለው ይችላል። የመጀመሪያው ናሙና ደግሞ ከተወሰደበት ቦታ ውጪ ያለውን አይናገርም።

ሄድን። ቁስሉ በግማሽ ጠቦ ነበር፤ እናቴም አንዳች ሕመም አልነበራትም። ሐኪሙ ግን የአንድ ወገን ጠርዙን አልወደዱትም፤ ከዙሪያው ናሙና ወሰዱ። ጠርሙሱን ይዤ ስወጣ በዚህ ጊዜ ማንም ሳያዘኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ውጤቱ ካንሰር ነበር።

ባክቴሪያው ሞቶ ካንሰሩ ከየት መጣ እያልኩ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ባክቴሪያ ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦት ኖሯል። ጨጓራ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ሽፋኑን እያሳሳና እየለወጠ ይኖራል፤ በመድኃኒት ሲጠፋ የካንሰሩ ስጋት ይቀንሳል እንጂ ቀድሞ ያበላሸው ሁሉ አይመለስም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ባክቴሪያ ራሱ ላይ ሊፈትን ጠጥቶ እንደታመመና በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል እንደተሸለመ ለእናቴ ስነግራት፣ «እሱ ጠጥቶ ተሸለመ፤ እኔ ሳልጠጣው መጣብኝ» ብላ አሳቀችን።

ከጨጓራዋ ከፊሉ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ካንሰሩ በጨጓራዋ ዙሪያ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች አልተሻገረም ተባለ። ደም ለለገሱ የሱቅ ጎረቤቶቼ፣ ለቀዶ ሐኪሞቹና ለእድራችን ምስጋናዬ ሙሉ ነው። አሁን በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትበላለች፤ ክትትሏም ይቀጥላል።

ሲስተር ያን ስልክ የደወሉት የግል ስልካቸውን ይዘው ነው። ኋላ እንዳየሁት ከጠረጴዛቸው ስር ካርቶን ልባሱ የተቀደደ ደብተር አለ፤ ተመልሰው መምጣት ያለባቸው ሰዎች ስም በሰማያዊ፣ የቀሩት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። የእናቴ ስም ቀይ ነው፤ ከጎኑ ሦስት ጭረት። እናቴ ደብተሩን ስታይ «ልጄ፣ እኔን ስንት ጊዜ ፈለግሽኝ?» አለቻቸው። ሲስተር ደብተሩን ዘግተው ስለ ምግቧ ጠየቋት።

የጨጓራ ቁስል ተገኝቶባችሁ የድጋሚ ኢንዶስኮፒ ቀጠሮ የተጻፈላችሁ፣ በተለይም ክብደት የቀነሳችሁ፣ ደም ያነሳችሁ ወይም ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ካለ፣ ይህን ክፍል ሳላመነታ እጠቁማለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፤ በጠዋት ድረሱ። ከሌሊት ጀምሮ ምንም አትቅመሱ፤ አጃቢ ይኑራችሁ። የቀድሞ ውጤታችሁንም ያዙ፤ እኛ ቤት ረስተነው ከመንገድ ተመልሰናል።