ጡት ለምታጠባ እናት የጀርባ ዚፕ

ስድስት ኪሎ እናቴ ቤት በገባሁ በማግስቱ፣ እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ልብስ የለሽም እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ልብስ ይዤ ነው የመጣሁት። ግን ገባኝ። ጥቁር ታይት፣ የባለቤቴ ሹራብ፣ ትከሻዬ ላይ ልጄ ያስታወከችው ወተት ደርቋል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንዲህ ሆኜ ልጆች አደርሳለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ ሐኪም ጋ እቀርባለሁ። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ነርስ ነኝ፤ ሥራ ቦታ ዩኒፎርም ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ አሥር ወሯ ነው። ልብስ አስቤበት የለበስኩት መቼ እንደሆነ እንጃ።

አዲስ አበባ ግን ያያል። መጀመሪያ ጫማ ያያል፣ ከዚያ ፊት።

ያክስቴ ልጅ ባንክ ነው የምትሠራው። እሷም ሦስት ልጅ አላት፣ ሞግዚቷም በየሦስት ወሩ ትቀየራለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳያት ሸሚዟ የተተኮሰ፣ ሱሪዋ ልኳ፣ ጫማዋ የተጠረገ ነው። ምን ሰዓት ላይ ነው የምትችይው አልኳት። ሳቀችብኝ። እሁድ ማታ፣ መብራት ካለ፣ የሳምንቱን አምስት ሸሚዝ አንድ ላይ ተኩሳ ትሰቅላለች። ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጉርድ፣ አንድ ኮት። በቃ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ጠዋት የምታስበው ነገር የለም። ዋናው ግን ሌላ ነው። ማታ በር እንደገባች፣ ልጆቹ ሳይጠመጠሙባት፣ ቀጥታ ጓዳ ሄዳ የቤት ልብሷን ትቀይራለች። ሽንኩርቱም ዘይቱም የሕፃን እጁም የሚያርፈው የቤት ልብስ ላይ ነው።

ይሄን እኮ እናቴ አስተምራኝ ነበር። የቤት፣ የአዘቦት፣ የክት። እኔ አሜሪካ ስገባ መሃሉን ጣልኩት። ቁምሳጥኔ ውስጥ ለሰርግና ለጥምቀት የሚሆን የክት ቀሚስ ሞልቷል። ከዚያ ሌላ ታይት ነው። የአዘቦት የሚባል ልብስ የለኝም። ስለዚህ በዚህ ጉዞ አንድ የአዘቦት ቀሚስ ላሰፋ ቆረጥኩ። የመጣሁት ለ24 ቀን ነው፣ አንድ ቀሚስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ድሮ እናቴ የምታሰፋው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ሲፈርስ ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ ግን እግሬ ወሰደኝ። ከፒያሳ ስወርድ የት እንደቆምኩ ራሱ ጠፋብኝ። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ባይኖር ኖሮ አቅጣጫውንም አላገኘው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ያምራል። ልጆቼ ወደዱት። እኔ ያቺን ጠባብ በር፣ የካውያውን ሽታና የጨርቅ ቁርጥራጩን ነበር የምፈልገው። ባለሙያዎቹ የት እንደተበተኑ የሚነግረኝ አጣሁ።

ከዚያ ነው አንድ ጓደኛዬ ወደመከረችኝ ስፌት ቤት የሄድኩት። ስሙን አልጠራም። መሃል ከተማ፣ ሕንፃ ላይ፣ መስታወት በመስታወት ነው። ሐምሌ 7 ሰኞ ነበር። ልጅቷ ቡና አቀረበችልኝ፣ «የኔ ቆንጆ» አለችኝ፣ ልኬን ወሰደች። የምፈልገውን ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። መነን የሚባለው የጥጥ ጨርቅ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥለት ብቻ። ከጉልበት በታች። ሁለት ኪስ፣ ስልክና የሕፃን መሃረብ የሚይዝ። ከአንገት እስከ ወገብ ከፊት ቁልፍ፣ ምክንያቱም አጠባለሁ። ልጄንም ታቅፌ ነበር፣ ማስረጃዋ እዚያው ናት። «ስቶን ትንሽ እናድርግበት፣ ዲያስፖራ ይወደዋል» አለችኝ። የሚያብለጨልጭ ነገር አልፈልግም አልኩ። ቀሚሱ ከነጨርቁ 4,500 ብር፣ ቀብድ 2,500 ከፈልኩ። «ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ ሐምሌ 10 ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ቅዳሜ ነይ። መብራት ይጠፋል፣ እሺ። ቅዳሜ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ሐዘን ደርሶበት አገር ቤት ሄዷል፤ ሰኞ ነይ። ሐዘን ላይ ምን ይባላል፣ ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ሄድኩ። ተዘግቷል። ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ዝናቡ ከላይ እየወረደ፣ ሕፃን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ጥበቃው አዝኖልኝ ወንበር አመጣልኝ። ሐሙስ ሐምሌ 17 ተከፍቶ አገኘሁ። ለፕሮቫ፣ ለብሼ ለመሞከር፣ ደርሷል አሉኝ። ደስ አለኝ። መጋረጃ ውስጥ ገብቼ ለበስኩት። ትከሻው ወርዷል፣ እሱ ይሁን። ቁልፉን ስፈልግ የለም። ደረቴን ዳሰስኩ፣ የለም። ከኋላ ነው። ዚፕ! ከማጅራቴ እስከ ወገቤ ድረስ!

«እህቴ፣ እኔ እኮ የማጠባ እናት ነኝ» አልኩ።

«ሞዴሉ ነው እናትዬ፣ አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያሰፋው።»

እስኪ አስቡት። ልጄ ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ ቀሚሴን በሙሉ ላወልቅ ነው? እንዲያውም ራሴ ልዘጋው አልችልም፣ ሰው መጥራት አለብኝ። ጠዋት ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚወጣው። የስምንት ዓመቷ ልጄ ናት የምትዘጋልኝ ማለት ነው። ገበሩን ስነካው ደግሞ ላስቲክ መሰለኝ፣ ፖሊስተር ነው። ጥጥ ላይ ፖሊስተር ገበር አድርገው። አዲስ አበባ ጠዋት ትበርዳለች፣ ቀን ፀሐይ ከወጣ ጀርባ ታቃጥላለች። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ሽታ ግን ይይዛል። ጥጥ ያልኩት ለዚህ ነበር።

ይስተካከላል ተባልኩ። ቅዳሜ ነይ። ቅዳሜ ሐምሌ 19 ነው። እኔ ነኝ ሞኟ፣ ገብርኤል መሆኑን ረስቼ። ተዘግቷል። ሰኞ ሐምሌ 21 ለሰባተኛ ጊዜ ሄድኩ። ትከሻው ጠብቧል። ዚፑ እዚያው ጀርባዬ ላይ ነው። ቀሪው 2,000 ብር ሳይሆን 4,000 ነው ተባልኩ። ለምን? ገበር ጨመረ፣ ሁለቴ ተሰፋ። የራሳቸውን ስህተት ሲያርሙ ሂሳቡ ለእኔ!

ከፈልኩ። አዎ ከፈልኩ። ልጄ እያለቀሰች ነበር፣ ደክሞኝ ነበር። ደግሞም የዲያስፖራ ሂሳብ አለ፣ ታውቁታላችሁ። በ2011 ስመጣ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ነበር፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አሁን ከ130 ብር በላይ ነው። 6,500 ብር ሲካፈል 50 ዶላር አይሞላም። እቤት ስናገር እህቴ ተቆጣች። «እኛ በብር ነው የምንኖረው። አንቺ ስታካፍዪ እኛ ላይ ይደምሩብናል» አለችኝ። እሷ ለፋሲካ ተመሳሳይ ቀሚስ በ2,800 አሰፍታለች። ምን እመልሳለሁ? ልክ ናት። አሜሪካ ግን ደረሰኝህን ይዘህ ትመለሳለህ፣ ማናጀር ትጠራለህ። እዚህ ደረሰኝ ስጠይቅ ልጅቷ እንደሰደብኳት ነው ያየችኝ።

አሁን ወደ ደጉ ልምጣ፣ ይህንን የምጽፈውም ለእሱ ነው።

በመሃል፣ ሐምሌ 16፣ ያክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣኋቸውን ልብሶች አየችና «እነዚህ እኮ ጥሩ ልብሶች ናቸው፣ ልክሽ አይደሉም እንጂ» አለች። ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ በረንዳ ላይ ወደሚሰፉ አንድ አዛውንት ወሰደችኝ። ሲንጀር የእግር መኪና፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ የቁልፍ ቆርቆሮ። ማስታወቂያም ምንም የላቸውም። ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በየትኛው ጫማ ነው የምትለብሺው?» የሚል ነበር። ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው የሄድኩት። ሱሪ ያለጫማው አይለካም ብለው መለሱኝ። ተናድጄ ተመለስኩ፣ ጫማውን አድርጌ መጣሁ። ሁለተኛው ጥያቄ «ልጅቷን በየት በኩል ነው የምትታቀፊያት?» ነበር። በግራ አልኩ። «ለዚህ ነዋ ሸሚዝሽ በግራ ወደ ላይ የሚሰቀለው።» አሥራ ምናምን ዓመት አሜሪካ ስኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እዚያ ሱሪ ለማሳጠር ብቻ 20 ዶላር ከፍዬ አውቃለሁ፤ ልኩን የጻፈችው ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ ነው።

ሁለቱ ሱሪዎቼ ዳሌዬ ላይ ልክ ናቸው፣ ወገቤ ላይ ግን ይከፈታሉ። ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ነው። ቀበቶ ሳጠብቅ ይሸበሸባል። ጋሼ ከጎን አላጠበቡትም፣ ከኋላ በመሃሉ ስፌት ነው የያዙት። ከጎን ከያዝኩት ኪሱ ይሸሻል አሉኝ። ርዝመቱን ሲያሳጥሩ ትርፉን አልቆረጡም፣ ወደ ውስጥ አጥፈው ዘመዘሙት። «ጥጥ ነው፣ ታጥቦ ይገባል፤ ያኔ ትፈቺዋለሽ።» ወገቡም ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ተዉልኝ። ለምን ስላቸው ልጄን አየት አድርገው «ገና ነሽ፣ ሰውነትሽ ይለዋወጣል» አሉ። ጃኬቴ እጅጌው እስከ ጣቴ ነበር፤ አንጓዬ እንዲታይ አሳጠሩት። አንጓ ሲታይ ሰው የተሰበሰበ ይመስላል ያሉት እሳቸው ናቸው፣ እውነትም ያው ጃኬት ሌላ ሆነ። አንዱን ሸሚዝ ግን እምቢ አሉ። ትከሻው ወርዷል፣ እሱን መፍታት ከሸሚዙ ይበልጣል፣ ለእህትሽ ስጪያት። ሊሠሩና ሊያስከፍሉኝ ይችሉ ነበር።

ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬት፣ 900 ብር። በማግስቱ 9 ሰዓት ብለው፣ 9 ሰዓት ላይ ታጥፎ ጠበቀኝ።

እነዚያን ሱሪዎች ለብሼ ስወጣ እናቴ ምንም አላለችም። እናቴን ለሚያውቃት ይሄ ምርቃት ነው።

ስለዚህ ያንን የጀርባ ዚፕ ይዤ ሐምሌ 22 ወደ ጋሼ ሮጥኩ። ገለበጡት፣ አገላበጡት። «ይሄን የሰፋው ሰው ልጅ ሲጠባ አይቶ አያውቅም?» አሉ። ዞሮ ቢለበስስ ብዬ ጠየቅኩ። አይሆንም፤ የፊት አንገት ዝቅ ያለ ነው፣ የብብቱም ቅድ ፊትና ኋላው ይለያያል፣ ቢዞር ያንቃል። ገበሩን አወጡት። ዚፑን ፈትተው ጀርባውን ዘጉት። ፊቱን ቀደዱት፣ ከታች ከታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ወስደው የቁልፍ መደረቢያ አወጡለት። ልብ በሉ፣ ጥለቱ ሳይነካ። ቁልፍ አምስት ነው፤ አራቱ አንድ ዓይነት፣ አምስተኛው ትንሽ ይጠቁራል። እሱን ከታች ወገብ ላይ አደረጉት፣ እዚያ ማንም አያየውም አሉ። 600 ብር። ሺህ ብር ሰጥቼ ልሄድ ስል ጠርተው መልሱን ሰጡኝ።

ሐምሌ 26 ማታ አውሮፕላን ላይ ለብሼው ሄድኩ። ልጄ ገና ሳንነሳ ጠባች፣ ተኛች። መነኑ ይጨማደዳል፣ አልዋሽም። ግን የተጨማደደ ጥጥና የተጨማደደ ታይት አንድ አይደሉም።

ሌላውን ባጭሩ። ሹሩባ ፒያሳ አካባቢ ተሠራሁ፣ ቀጭን አይደለም፣ ጥብቅም አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ከመስታወት አረፍኩ። ልጅቷ እጇ ቀላል ነው፣ ልጄንም እየተቀባበሉ ያዙልኝ። ክፍያውን በቴሌብር እህቴ ከፈለች፣ ዋጋውን አልነገረችኝም። ሊስትሮዎቹ ደግሞ እግዜር ይስጣቸው። በሐምሌ ጭቃ ቆዳ ጫማዬን እንደ አዲስ አደረጉት። ስኒከር ይዤ መምጣቴ ነው የቆጨኝ።

ጋሼ ጋ ለማሰፋት የምትሄዱ እናቶች ካላችሁ፣ ከተቻለ መነኑን ቀድማችሁ ነክራችሁ አድርቁት፣ ጋሼ ይጠይቃሉ። ያልታጠበ ጥጥ አይቀበሉም። ጫማችሁን አድርጋችሁ ሂዱ። ቀብድ አይጠይቁም። ስልክ እያወሩ ካዩአችሁ ልካችሁን አይወስዱም፣ ቆመው ይጠብቃሉ። ጠዋት ነው የሚሻለው፤ ከሰዓት ዝናብ ከጣለ መኪናቸውን በላስቲክ ሸፍነው ቤታቸው ይገባሉ።