ለሰርግ ዲኮር፦ የተፈጥሮ አበባ ወይስ አርቲፊሻል?

ጥር ሲመጣ የማያጨቃጭቀው ሙሽራ የለም።

ዋጋ። አርቲፊሻሉ ኪራይ ስለሆነ ይረክሳል። ዲኮር ሠሪው ዛሬ ለእናንተ፣ ነገ ለሌላ ይሰቅለዋል። የተፈጥሮው የአንድ ቀን ነው። በዚያ ላይ የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የካቲት መጀመሪያ ላይ ስለሚውል፣ በጥር መጨረሻ የዝዋይና የሆለታ ጽጌረዳ ወደ ውጭ ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን የምትሰርጉ ቀደም ብላችሁ እዘዙ።

ልፋት። አርቲፊሻሉን ዋዜማውን ሰቅሎ መተኛት ይቻላል። የተፈጥሮው እንቅልፍ ያሳጣል። ግንዱ ሰያፍ ተቆርጦ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ሙዝ አጠገቡ አታስቀምጡ፤ የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባውን ቶሎ ያጠወልገዋል።

ስጋት። የቀትር ፀሐይ በመታው ድንኳን ውስጥ የነጭ ጽጌረዳ ጠርዝ ቡኒ ይሆናል። አርቲፊሻሉ ፀሐይ አይፈራም። ግን በእህቴ ሰርግ የመጣልን «ነጭ» አበባ አቧራ ጠጥቶ ክሬም ሆኖ ነበር፤ የሙጫው ክር ደግሞ ከቅጠሉ ላይ ተንጠልጥሏል። «ፎቶ ላይ አይታይም» አሉን። ታየ! ኪራይ ከሆነ ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ለማን ይሆናል? ትልቅ አዳራሽ፣ ከፍ ያለ የመግቢያ ቅስትና ጣሪያ ከሆነ አርቲፊሻል። እዚያ ላይ ወጥቶ ማን ያሸተዋል? ሙሽሪት የምትይዘውና የሙሽሮች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ የተፈጥሮ ይሁን። ለቤት ውስጥ መልስ ደግሞ አንድ ባልዲ ጽጌረዳ ይበቃል፤ ሽታውን ቄጠማው ያግዘዋል።