የሠርግ ሌዘር ስትገዙም ሆነ ስትከራዩ፣ ከቀብዱ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ሰኩት

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ ለአዳራሽ ወይም ለዲጄ ሥራ ሌዘር መብራት የምትፈልጉ ሁሉ፣ በርካሽ ከሚቀርበው ማሽን ተጠንቀቁ።

መጀመሪያ የጨረሩን የአደጋ ደረጃ (ክፍል) የሚናገረውን ስቲከር እዩ። «3አር፣ ከ5 ሚሊዋት በታች» ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «1 ዋት ነው፣ አዳራሹን ይሞላል» ይላችኋል። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። 1 ዋት ማለት 1,000 ሚሊዋት ነው፤ ከ500 በላይ የሆነው ሁሉ ደግሞ ክፍል 4 ይባላል፣ ከአደገኞቹ የመጨረሻው። ዓይናችን ደንግጦ እስኪጨፈን ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህ የሚያድነን 1 ሚሊዋት አካባቢ ካለው ጨረር ነው። 1 ዋት ሲሆን መጨፈኑ አይደርስም። ጨለማ ውስጥ ብሌኑ ስለሚሰፋ ብዙ ጨረር ይገባል፤ የዓይን ሌንስም አንዲት ነጥብ ላይ ሰብስቦት ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለውን የሚያይ ክፍል፣ ያቃጥላል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሕመም።

አረንጓዴው የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው ርካሽ አረንጓዴ የሚሠራው ከማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፤ እሱን የሚያስቀረው ማጣሪያ ካልተገጠመ ኢንፍራሬዱም አብሮ ይወጣል። ዓይን ያላየውን አይሸሸውም።

ሱቁ ውስጥ ማሽኑን ወደማያንጸባርቅ ግድግዳ አዙሩ፣ ነጥቡን ቀርባችሁ አትዩት። የሚዞር ቁልፍ ከሌለው እዚያው ተዉት። ካለው አስበሩና ሶኬቱን ንቀሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሳችሁ ሰኩ። ማንም ሳይነካው ራሱ ከበራ አትግዙ። ክፍል 4 ማሽን መብራት ሄዶ ሲመጣ በሰው እጅ ካልተነሣ ጨረር ማውጣት የለበትም። መብራት በየሰዓቱ በሚመላለስበት ከተማ፣ ባለሙያው መሰላል ላይ ሆኖ ሌንሱን እየወለወለ ሳለ መብራት ቢመጣ ጨረሩ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ነው። ሻጩ «አብሽሩ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» ቢላችሁ አትስሙት።

ማሽኑ ውስጥ ጨረሩን እያዞሩ ሥዕል የሚሥሉት መስታወቶች ቢቆሙ ጨረሩን የሚያጠፋ መከላከያ እንዳለውም ጠይቁ። ሥዕል ሲሥል ተበትኖ የነበረው ኃይል መስታወቱ ሲቆም አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ዋቱንና ክፍሉን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ እንቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ለሚከራይ፦ ጨረሩ ሰው ከሚቆምበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ፣ ከጎንም 2.5 ሜትር ይራቅ። ሚዜዎች ሙሽራውን ትከሻ ላይ የሚያነሡ ከሆነ 3 ሜትርም አይበቃም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ድንኳን ውስጥ ጭራሽ አታስገቡት። መስታወትና የሚያብለጨልጭ የዲኮር ብረት ከጨረሩ መንገድ ይነሣ። ማሽኑ በብሎን ይጠበቅ፣ በብረት ገመድም ይታሰር፤ ማጥፊያው ዲጄው እጅ ሥር ይሁን። ቪዲዮ ቀራጩንም አስጠንቅቁ፣ ሌዘር የካሜራ ሴንሰር ያበላሻል። ደጅ ላይ ወደ ሰማይ ማብራት ክልክል ነው በሉ፤ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ያርፋል፣ የፓይለት ዓይን ይጋረዳል።

ጨረር ዓይን ውስጥ ገብቶ ብዥታ ወይም ጥቁር ነጥብ ካልለቀቀ ዓይኑን አትሹት። የማሽኑን ቀለምና ዋት ጽፋችሁ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።