«ዲክ ዊቲንግተን»፦ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚጮኹበት የገና ቴያትር

ለንደን ውስጥ በገና ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ፣ በየአካባቢው ቴያትር ቤት የሚቀርበውን ባህላዊውን ፓንቶማይም፣ ማለትም ተረትን በዘፈንና በቀልድ የሚያሳየውን የገና ቴያትር፣ ከሁሉ አስቀድሜ እመክረዋለሁ። ዘንድሮ ከባለቤቴ፣ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከመጡት ከባለቤቴ እናት ጋር ሆነን፣ ሰሜን ለንደን በሚገኝ አንድ መካከለኛ ቴያትር ቤት «ዲክ ዊቲንግተን»ን ተመልክተናል። የወደድኩበት ዋና ምክንያት በዚህ ቴያትር ተመልካቹም ሥራ ያለው መሆኑ ነው፤ ሥራውም ዕድሜና ቋንቋ አይመርጥም።

ታሪኩን ለስደተኛ ቤተሰብ ማስረዳት አያስቸግርም። የለንደን ጎዳና በወርቅ የተነጠፈ ነው ሲባል የሰማ ዲክ የሚባል አንድ ድሃ የገጠር ልጅ ድመቱን አስከትሎ ይመጣል፤ የሚያገኘው ግን ጭቃ፣ ረኃብና አይጥ ነው። ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ሲመለስ ሃይጌት ኮረብታ ላይ የቦው ቤተ ክርስቲያን ደወል «ተመለስ፣ የለንደን ከንቲባ ትሆናለህ» ሲለው ይሰማል። በእውን የነበረው ሪቻርድ ዊቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1423 ያረፈ ሀብታም ነጋዴና ደጋግሞ ከንቲባ የሆነ ሰው ሲሆን፣ ድህነቱንና ድመቷን የጨመረለት ተረቱ ነው። አርችዌይ በተባለው የሰሜን ለንደን ሰፈር ያለው ሆስፒታል የሚጠራው በእርሱ ስም ነው፤ ከዚያው አጠገብ፣ ኮረብታው ግርጌ፣ ድመት የተቀመጠችበት የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ልጆቻችን በአውቶቡስ ሁልጊዜ የሚያልፉበት መንገድ ስለሆነ፣ ደወሉ በተሰማበት ትዕይንት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «የእኛ መንገድ ነው!» አሉ።

እማማ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም፤ ይሰለቻቸዋል ብለን ሰግተን ነበር። የፓንቶማይም አሠራር ግን እንደ እርሳቸው ላለ ተመልካች የተመቸ ነው። በልማዱ መሠረት ክፉው ገጸ ባሕርይ የሚገባው ተመልካቹ ከተቀመጠበት በስተቀኝ፣ ደጊቱ ፌሪ (በተረት የምትታወቀው ባለ አስማቷ ሴት) ደግሞ በስተግራ ነው። የአይጦች ንጉሥ በአረንጓዴ ብርሃንና በጢስ ታጅቦ ብቅ ሲል አዳራሹ በሙሉ ያንቋሽሸዋል፤ ፌሪዋ ስትገባ ያጨበጭባል። ማን ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው። ተዋናዩ «ኧረ አይደለም!» ሲል ሕዝቡ «ኧረ ነው!» ብሎ ይመልሳል፤ በእኛ አገር ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ተረቱ እንደማይጀመር ሁሉ፣ እዚህም መልሱ ካልመጣ ትዕይንቱ ወደፊት አይሄድም።

ይህ ከሁሉ ጎልቶ የታየው በአግዳሚው ወንበር ትዕይንት ነው። ሦስት ተዋንያን ፍርሃታቸውን ለማስረሳት እየዘፈኑ ሳለ አንድ ግዙፍ አይጥ ከበስተኋላቸው ተንፏቆ ይመጣል። ወደ ግራ ሲዞሩ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ጎንበስ ይላል፤ ከዚያም የዳሩን ሰው ትከሻ ነካ አድርጎ ሲያዞረው፣ ሰውየው ጮኾ ይፈረጥጣል። አዳራሹ «ከኋላህ!» እያለ ይንጫጫል። ትንሹ ልጃችን ወንበሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እማማም በጥርት ያለ አማርኛ «ዙር እንጂ፣ ከኋላህ ነው!» ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ተዋንያኑ ጩኸቱ እስኪጠና ድረስ ዝግ ብለው ጠበቁ፤ ይህን መጠበቅ የሚያውቅ ቡድን ሥራውን ያውቃል እላለሁ።

የወጥ ቤት ሠራተኛዋን የሚጫወተው ትልቅ ወንድ ነው። በወገኖቻችን መካከል ይህን ሰምተው ልጆቻቸውን ለማምጣት የሚያመነቱ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን የቆየ የቀልድ ወግ ነው፤ ዝነኛው ቀልደኛ ጆሴፍ ግሪማልዲ በዚሁ ተረት የወጥ ቤት ሠራተኛዋን ሆኖ በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቴያትር ቤት መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። በእኛ ትርኢት ሰውየው ሊጥ ሲያቦካ፣ ሊጡ ከገበታው ወደ ረዳቱ ሱሪ፣ ከሱሪው ወደ ፊቱ ሲዘዋወር፣ ልጆቹ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። ለአዋቂ ብቻ የታሰቡ ጥቂት ሽሙጦች ነበሩ፤ ከልጆቹ ራስ በላይ አለፉ፣ ነውርም አልነበረባቸውም።

ቅር ያሰኘኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። ዲክና ባልደረቦቹ የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ሞሮኮ ሲደርሱ፣ ቤተ መንግሥቱን ከአይጥ የምታጸዳው የዲክ ድመት ናት፤ ይህ የተረቱ ቁም ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሡልጣኑንና አገሩን ያሳዩበት መንገድ ያረጀ፣ ጥምጣምና የተሰባበረ ንግግር ብቻ ያለበት ነበር። ከአፍሪካ የመጡ ልጆች በብዛት በተቀመጡበት አዳራሽ፣ አንድን የአፍሪካ አገር ለመሳቂያ ብቻ ማቅረብ ስንፍና ነው፤ ድመቷን ሳይነኩ ሊለውጡት ይችሉ ነበር። ድምፅ ማጉያውም በዘፈኖቹ ላይ ከመጠን በላይ ይጮኽ ነበር።

ለመሄድ ላሰበ፦ ወቅቱ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ስለሆነ አብዛኛው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል። በዕረፍቱ ሰዓት የሚሸጠው በትንንሽ ዕቃ የተሞላ አይስክሬም ነውና ለጿሚ የሚሆን ነገር ከቤት ቋጥሮ መሄድ ይበጃል። ድምፅና ብርሃን ለሚያስጨንቀው ልጅ፣ ድምፁ የሚቀነስበትና መውጣት መግባት የሚፈቀድበት የተለየ ዝግጅት ብዙ ቴያትር ቤቶች ስላላቸው ትኬት ሲቆርጡ መጠየቅ ነው። ልጆች ከረሜላ የሚወረወርበትን የፊት ረድፍ ይወዱታል፤ አረጋዊ ይዞ የሚመጣ ግን ከማጉያው ራቅ ብሎ ፎቁ ላይ፣ መድረኩን ፊት ለፊት የሚያሳይ ቦታ ይምረጥ።