ሐሳብ ለማሰባሰብ፦ በቃል ወይስ በጽሑፍ?

በስብሰባ ላይ ሐሳብ ለማሰባሰብ ብዙ አወያዮች የሚመርጡት ተሳታፊዎች የመጣላቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግን ነው። ይህ መንገድ መነቃቃትን ይፈጥራል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ሌሎቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ሐሳባቸው ይጠፋባቸዋል፤ በተለይም አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ውይይቱ እርሱ በቀደደው ቦይ ይፈሳል።

በጽሑፍ የሚጀምረው ስልት ይህን ችግር ከሥሩ ይነካል። ጀርመናዊው በርንድ ሮርባህ እ.ኤ.አ. በ1968 ባስተዋወቀው አሠራር 6 ሰዎች በየ5 ደቂቃው 3 ሐሳብ እየጻፉ ወረቀቱን ከጎናቸው ላለው ሰው ስለሚያቀብሉ፣ በ30 ደቂቃ እስከ 108 ሐሳብ ሊሰበሰብ ይችላል። አንዳንዶቹ መደጋገማቸው አይቀርም፤ ዝምተኛው ግን ከደፋሩ እኩል ድርሻ ያገኛል፤ ለእኔ ከቁጥሩ የሚበልጠው ይህ ነው። መጻፍ ለሚከብዳቸው ተሳታፊዎች ግን የቃሉ መንገድ ይሻላል፤ የተጻፈውን ለይቶ ለማብሰልም ውይይት የግድ ያስፈልጋል።