በርበሬ የፈተነው ላይት፦ የ8 ወር ልምድ ከደብረ ብርሃን

አምና ጥር ላይ ሠርጓን ያነሳሁላት አንዲት ሙሽራ አልበሟን ገልጣ ዝም አለች። እናቷ ግን አልቻሉም። «አንተ ልጅ፣ ስታነሳት ታማ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያቺ ጠይም ቆንጆ አመድ የነሰነሱባት መስላለች። መንጋጋዋ አካባቢ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ማታ ያነሳሁት ዶሮ ወጥ ደግሞ ቡናማ ጭቃ ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ ኤዲት ላይ ተቀምጬ ነበር። ፊቷን ወደ ቀይ ስስብ የቀሚሷ ነጭ ሮዝ ይሆናል። ቀሚሱን ሳስተካክል ፊቷ ተመልሶ አመድ። በመጨረሻ ግማሹን ጥቁርና ነጭ አድርጌ «አርት ነው» አልኩ። እናትየው አርቱን አልገዙትም።

ካሜራዬ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ ለፎቶ የማበራው ላይት ነበር። የሚገርመው ካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ 95» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሲአርአይ ማለት አንድ ብርሃን ቀለምን ሳያዛባ የማሳየት አቅሙ ከ100 የሚለካበት ቁጥር ነው። የድሮው ክር ያለው አምፖል 100 ገደማ ያገኛል። 95 ታዲያ ምን ይወጣለታል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገዛሁት። ባለሱቁን መልሼ ስጠይቀው «ካሜራህን አሳየው» ብሎ ሸኘኝ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ያ ቁጥር የ8 ቀለሞች አማካይ ነው። ስምንቱም ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ናቸው። ደማቁ ቀይ ዘጠነኛ ነው፣ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ስሙም «አር 9» ይባላል። ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ በተቀባ ቢጫማ ነገር ነው ነጭ የሚመስለው። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ላይ ይደክማል። አጠቃላይ ቁጥሩ ከ80 በላይ ሆኖ አር 9 ዜሮ አጠገብ የሚውል፣ ከዜሮም በታች የሚወርድ ላይት አለ። ከቆዳችን ሥር ያለው ደም ቀይ ነው። በርበሬው ቀይ ነው። የጥለቱ ጠርዝ ቀይ ነው። ብርሃኑ ውስጥ የሌለውን ቀይ ደግሞ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ነጩን ነጭ ለማድረግ ቀለም የሚያስተካክልበት) ከየት ያመጣዋል?

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛውን ገዛሁ። በእጅ የምትያዝ፣ ስልክ የምታክል የ12 ዋት ፓኔል ናት። ከ2500 እስከ 6500 ኬልቪን ትቀያየራለች፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካናማ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ዋጋዋ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። አቅሟ ግን ብዙም አይበልጠውም፤ ይህን ልብ በሉ። ሱቅ የገባሁት አንድ ማንኪያ በርበሬ በፌስታልና አንድ አሮጌ የመዝሙር ሲዲ ይዤ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ወጥ ልትሠራ ነው?» አለኝ። በርበሬውን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሼ መጀመሪያ በር ላይ በፀሐይ፣ ከዚያ ውስጥ በየላይቱ ሥር አየሁት። አንዱ ላይት በርበሬውን ኮረሪማ አስመሰለው። መዳፌንም ጎን አስቀመጥኩ፤ መዳፍ አይዋሽም። ሲዲው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጀርባው ላይ የላይቱ ብርሃን ሲያርፍ ቀስተ ደመና ያወጣል። የቀዩ ጫፍ ሰፊና ደማቅ ከሆነ ደህና ነው። ቀዩ ቶሎ ከጨለመ ዞር በሉ። ነጩ ወረቀት ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካያችሁም እንደዚያው። የመዝሙር ሲዲ በዚህ ዘመን ሌላ ምን ይሠራል?

ከዚያ ወዲህ 8 ወር ሆነ። ጥርን አብረን ጨርሰናል፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውንም። ፊት ላይ ቅር አላሰኘችኝም። ከሁሉ የደነቀኝ ግን የአንድ የመንዝ አጎት በርኖስ ነው። በርኖስ ጥቁር ይባላል እንጂ ብዙው ጥቁር አይደለም። ውስጡ ቡናማ አለ። በአሮጌው ላይት አረንጓዴ የመሰለ ጨርቅ ነበር የሚወጣው። በዚህችኛዋ የሱፉ ቡናማ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ፎቶውን አይተው «ይሄ የኔ ነው» አሉ። ፊታቸውን አይደለም፣ በርኖሱን።

ዳስ ውስጥ ግን ተአምር አትጠብቁ። ቀን ላይ በሰማያዊ ሸራ የሚገባው ብርሃን ሰውን ሁሉ ሰማያዊ ያደርጋል፣ የ12 ዋት ፓኔል ደግሞ ከፀሐይ ጋር አትታገልም። አሁን ሙሽሮቹን ወደ ዳሱ አፍ አወጣቸዋለሁ። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ብርሃኑ በጣም ሰማያዊ ስለሚሆን 5600 ላይ ያለች ላይት ቢጫ ትመስላለች፤ እስከ 6500 እገፋታለሁ። ለተክሊል በጧፍ ብርሃን ስሠራ ተቃራኒው ነው። ጧፍ 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ የእሷ ጥግ 2500። ላዩ ላይ ብርቱካናማ ማጣሪያ እለጥፋለሁ።

ጉድለቶቿን ልናገር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጥር ማለዳዋ ደግሞ ይታወቃል። ባትሪው ብርድ አይወድም። ቤት ውስጥ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ተኩል የሚቆየው ውጭ አንድ ሰዓት አይሞላም። ተራዬ እስኪደርስ ጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ ይዣት እቆያለሁ። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከ100 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ወርደን ሙቀት ውስጥ እንገባለን። እዚያ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጀርባዋ ይግላል፣ ብርሃኗንም ራሷ ትቀንሳለች። ሥራ መሀል ሳታስጠነቅቅ ነው የምታደርገው። የቻርጅ ቀዳዳዋም ግንቦት ላይ ላልቷል፤ ገመዱን በጎማ አስሬ ነው የምጠቀመው። በዚህ ዋጋ አያሳፍርም? ያሳፍራል።

ሌላው፣ 2500 ወይም 6500 ጥግ ላይ ብርሃኗ ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት አምፖል ስላላት ሁለቱም አብረው የሚበሩት መሀል ላይ ብቻ ነው። ካርቶኑ ይህን አይነግራችሁም።

ቪዲዮ ለምትሠሩ፦ ብርሃኗን ሲቀንሱት አትርገበገብም። አሮጌው ይርገበገብ ነበር። የቤት አምፖል አብሮ ካለ ግን መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት። አለበለዚያ ምስሉ ላይ መስመር ይሮጣል።

ለመስከረም ሁለተኛ ልጨምር አስቤያለሁ፤ ያው ሞዴል፣ ቀለማቸው እንዳይለያይ። ሁለቱን ጎን ለጎን አብርቼ ሳላይ አልከፍልም። የኅዳሩ በርበሬ ደብዝዟል፣ ከእናቴ አዲስ ለምኜ ፌስታል ውስጥ አድርጌያለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።