«ማታ እኔን ነው የሚያገኙኝ»፦ አሲስትድ ሊቪንግ ልትፈርሙ ላላችሁ

እናቴ እዚህ አሜሪካ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም ለዕለት ኑሯቸው እርዳታ የሚፈልጉ አረጋውያን እየከፈሉ የሚኖሩበት ቤት፣ ከገባች አራተኛ ወሯ ነበር። ማክሰኞ ማታ ከሥራ በቀጥታ ሄጄ ክፍሏ ስገባ፣ እርዳታ ስትፈልግ ስባ ሠራተኛ የምትጠራበት የመጥሪያ ገመድ ከራስጌዋ በላይ ባለው መብራት ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። እኔ ራሴ ተንጠራርቼ ነው የደረስኩበት። እሷ ደግሞ ያለ መደገፊያ መቆም አትችልም። መደገፊያዋ የት አለ ብዬ ሳይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ቆሟል።

ማን እንዲህ አደረገ አልኳት። መጀመሪያ በሩን አየች። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ተይው ልጄ። አንቺ ተናግረሽ ትሄጃለሽ፤ ማታ እኔን ነው የሚያገኙኝ» አለችኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ሳምንት ቀደም ብሎ መድኃኒቷ ሁለት ቀን ተከታትሎ ስለዘገየ ለኃላፊዋ ነግሬ ነበር። በትህትና። ኃላፊዋም አመስግናኝ «እናስተካክላለን» አለች። የተስተካከለችው ግን እናቴ ሆነች።

በደል ሲባል ብዙዎቻችን ዱላ ነው የሚታየን። እንዲህ ያለ በቀል ድምፅ የለውም። ደወሉ ተደውሎ ሰው የሚመጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። የገላ መታጠቢያዋ ቀን ሲደርስ «ዛሬ ሰው አንሶናል» ይባላል። የጆሮ መስሚያዋ ይጠፋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱን ለብቻው ብታነሱት ሰበብ አያጣም፤ እናንተው ተጠራጣሪ ትመስላላችሁ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደግሞ በወረቀት የሚመጣው ነው። እንግሊዝኛዋ አጭር የሆነች እናት ተበሳጭታ በአማርኛ ስትናገር፣ መዝገቧ ላይ «ግራ ይገባታል፣ ሠራተኛ ላይ ትጮኻለች» ተብሎ ይጻፋል። ይሄ ዓረፍተ ነገር በኋላ ለማስወጣት ይጠቅማል።

ውሉን አውጥቼ ያነበብኩት ያኔ ነው። አዎ፣ ስፈርም አላነበብኩትም። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን፣ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው የፈረምኩት። ፒያኖውንና አበባውን አይቼ።

ውስጡ ምን አለ? «ፍላጎቷን ማሟላት ካልቻልን በ30 ቀን ማስታወቂያ ውሉን እናቋርጣለን» ይላል። ማሟላት አለመቻሉን የሚወስነው ማነው? እነሱ። ብዙ ሰው ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም ነርሶች ሌት ተቀን የሚያስታምሙበት ቤት፣ እና አሲስትድ ሊቪንግ አንድ ሕግ ያላቸው ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆሞች በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግ ሥር ናቸው፤ ነዋሪን የሚያስወጡበት ምክንያት የተወሰነ ነው፣ ይግባኝም አለ። አሲስትድ ሊቪንግ ግን የሚተዳደረው በየስቴቱ ሕግ ነው። አንዱ ስቴት ጠንካራ መከላከያ ይሰጣል፣ ሌላው ጋ ውላችሁ ላይ ያለው ነገር ብዙ ይወስናል።

ሁለተኛው ወጥመድ የእንክብካቤ ደረጃ የሚሉት ነው። በፈለጉ ጊዜ እንደገና ገምግመው ደረጃዋን፣ ከሱም ጋር ወርሃዊ ክፍያዋን ከፍ ያደርጋሉ። የእኛ ግምገማ የመጣው አቤቱታ ባቀረብኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። አጋጣሚ ይሆናል። እኔ ግን አላመንኩም። የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ደግሞ የአሲስትድ ሊቪንግ ኪራይና እንክብካቤ አይከፍልም፤ ጭማሪው ከኪሳችን ነው።

ሦስተኛው፣ ክስ ቢኖራችሁ ፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ዳኛ እንዲታይ የሚያስገድደው አንቀጽ ነው። ነርሲንግ ሆሞች ይህን ካልፈረምሽ አናስገባሽም እንዳይሉ የፌዴራል ደንብ በ2019 ከልክሏቸዋል። ያ ደንብ አሲስትድ ሊቪንግን አይነካም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ይህን አንቀጽ አልቀበልም፣ ይሰረዝ» በሉ። እምቢ ካሉ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምትዋዋሉ ታውቃላችሁ።

አሁን የሚረዳው ላይ ልምጣ። በእያንዳንዱ ስቴት ኦምቡድስማን የሚባል አለ፤ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ጠበቃ በሉት፣ ምንም እንኳ የሕግ ጠበቃ ባይሆንም። አሲስትድ ሊቪንግንም ይመለከታል፣ በነፃ ነው። ያለ ፈቃድ የአቤቱታ አቅራቢውን ወይም የነዋሪዋን ማንነት አይገልጽም። ለኦምቡድስማን በተናገረ ነዋሪ፣ ቤተሰብ ወይም ሠራተኛ ላይ መበቀልን ስቴቶች እንዲከለክሉ የፌዴራል ሕጉ ያዛል። ሠራተኛ የሚለውን አስምሩበት። እዚህ ሥራ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹም ጨዋ። እኔን ጠጋ ብላ «ገመዱን በየማታው እዪው» ያለችኝ እዚያው የምትሠራ ልጅ ናት።

ለእናቴ ጉዳይ ከኦምቡድስማን የመጣችው ሴትዮ መጀመሪያ ያደረገችው እኔን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ትንሽ ከፋኝ፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን የምትሠራው ለነዋሪዋ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም። በስልክ አስተርጓሚ እናቴን አነጋገረቻት። «ስምሽ እንዲነሳ ትፈቅጃለሽ?» ስትላት እናቴ እምቢ አለች። እኔ አበቃ ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን በሌላ ቀን ተመልሳ፣ በዚያ ኮሪደር ያሉትን ክፍሎች በሙሉ እየዞረች የመጥሪያ ገመዶችን አየች። የተጠመጠመው አንድ ብቻ አልነበረም። የማንም ስም ሳይነሳ ነገሩ ከእናቴ ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ በአፍ የምነግራቸው ነገር የለም። ሁሉም በኢሜይል፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ፎቶ ካለም ከነፎቶው። አቤቱታው መቼ እንደቀረበ ካልተጻፈ፣ ከሱ በኋላ የመጣው ነገር በቀል መሆኑን ማሳየት አትችሉም። ለምሳሌ ሚኒሶታ ውስጥ ከአቤቱታ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ እርምጃ ከተወሰደ፣ በቀል አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ድርጅቱ ነው። የምትሄዱበትንም ሰዓት ቀያይሩት። ሁሌ እሑድ ከሰዓት ከሆነ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ነገር ያምራል።

ካሜራ ለምታስቡ፦ ቴክሳስና ሚኒሶታን የመሰሉ ስቴቶች በነዋሪው ክፍል ውስጥ ካሜራ ይፈቅዳሉ፣ ግን ቅጽና የክፍል ተጋሪ ፈቃድ አለው። ድምፅ መቅዳት ወንጀል የሚሆንበት ቦታም ስላለ ደብቃችሁ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቁ። ሰውነቷ ላይ ሰንበር ካያችሁ ወይም ለሕይወቷ ከሠጋችሁ ግን ኢሜይሉን ተዉት፤ 911 ደውሉ።

ገና ቦታ እየመረጣችሁ ከሆነ ማታ ሂዱ። አስጎብኚው ክፍል ሲያሳያችሁ የመጥሪያውን ገመድ ሳቡና ሰዓታችሁን እዩ። የስቴቱን የቁጥጥር ሪፖርት ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ብዙ ስቴቶች ኢንተርኔት ላይ ያወጡታል። የአካባቢያችሁን ኦምቡድስማን ለማግኘት የፌዴራል መንግሥቱ የኤልደርኬር ሎኬተር ስልክ 1-800-677-1116 ነው። ለመደወል ችግር እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም፤ ስለ አንድ ቤት ሳትፈርሙም ኦምቡድስማኑን መጠየቅ ይቻላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከፈረምኩ ከአምስት ወር በኋላ ነው።